«ረጅም ሩዝ» ስንት ሚሊ ሜትር ነው? የፍሬ ቅርጽ፣ ዘርና ዋጋ

ዛሬ የዋጋ ሰንጠረዥ የለም፣ ትምህርት ነው። ጽሑፉ ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

መነሻዬ ከአንድ የገበሬዎች ዩኒየን የደረሰኝ ጥያቄ ነው። «ሆቴሎችና ሱፐርማርኬቶች ረጅም ፍሬ ካልሆነ አንወስድም እያሉን ነው። የረጅም ሩዝ ዘር ፈልገን ለአባሎቻችን ብናከፋፍል ምን ትላለህ?» ይላል። ጠያቂው በሁለት መስመር መልስልኝ ብሎኝ ነበር። በሁለት መስመር ግን አይሆንም፤ ምክንያቱም «ረጅም ሩዝ» አንድ ነገር አይደለም። ርዝመቱን የሚወስነው ጂን ሌላ፣ ወርዱን የሚወስነው ሌላ፣ ድስት ውስጥ መጣበቅ አለመጣበቁን የሚወስነው ደግሞ ጨርሶ ሌላ ነው። ገዢ ሦስቱንም «ረጅም» በምትል አንዲት ቃል ጠቅልሎ ይጠይቃል፣ ሻጭ ቃሏን ብቻ ሰምቶ ዘር ይገዛል። ገንዘብ የሚጠፋው እዚህ መሀል ላይ ነው።

በቅድሚያ ልኩን እንያዝ። የዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ፣ ማለትም የኮዴክስ የሩዝ መስፈርት፣ ርዝመቱ የወርዱን 3 እጥፍና ከዚያ በላይ ከሆነ ረጅም ይለዋል። ከ2 እስከ 2.9 እጥፍ መካከለኛ፣ 1.9 እና ከዚያ በታች አጭር። በርዝመት ብቻ መመደብ ለሚፈልግም ሌላ አማራጭ ሰጥቷል፦ 6.6 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ረጅም፣ 6.2 ያልሞላው አጭር። ፊሊፒንስ ሎስ ባኞስ ያለው ዓለም አቀፉ የሩዝ ምርምር ተቋም (ኢሪ) ደግሞ የራሱ ሚዛን አለው፤ በእሱ ከ7.5 ሚሊ ሜትር የሚበልጠው እጅግ ረጅም፣ ከ6.6 በላይ እስከ 7.5 ረጅም፣ ከ5.5 በላይ እስከ 6.6 መካከለኛ ነው።

አሁን 6 ሚሊ ሜትር የሆነ ፍሬ እጃችሁ ላይ አለ እንበል። በኢሪ ሚዛን መካከለኛ፣ በኮዴክስ የርዝመት ሚዛን አጭር ነው። ሩዙ ያው ሩዝ ነው፣ ስሙ ሁለት ሆነ። የአውሮፓ ኅብረት ጉምሩክ ዘንድ ስትሄዱ ደግሞ ከ6 ሚሊ ሜትር የሚበልጠውን ረጅም ብሎ ከጠራ በኋላ በሁለት ይከፍለዋል፦ ርዝመቱ ለወርዱ ሲካፈል ከ2 በላይ ሆኖ 3 ያልሞላው «ረጅም ኤ»፣ 3 እና ከዚያ በላይ የሆነው «ረጅም ቢ»። ጣሊያኖች ለሪዞቶ የሚጠቀሙበት ወፍራሙ አርቦርዮ «ረጅም ኤ» ነው። አዎ፣ ያ ድቡልቡል የሚመስለው። ስለዚህ ውል ላይ «ረጅም ፍሬ» ብሎ መፈረም ሚዛን ሳይኖር ኩንታል እንደመሸጥ ነው። ሚሊ ሜትሩና እጥፉ ይጻፍ።

ታዲያ ይህ ቅርጽ ከየት ይመጣል?

ሩዝ ላይ የፍሬው መጠን ቀድሞ የሚወሰነው ፍሬው ራሱ ከመኖሩ በፊት ነው። አበባው ከመከፈቱ በፊት ሁለቱ ቅርፊቶች ርዝመታቸውንም ወርዳቸውንም ጨርሰዋል። ከዚያ በኋላ ፍሬው በቅርፊቱ ውስጥ ይሞላል፤ በጣሳ ውስጥ እንደሚጋገር ዳቦ ማለት ነው። ዝናብ ቢያንስ፣ ማዳበሪያ ቢጓደል፣ ዳቦው ላይሞላ ይችላል፤ ከጣሳው ግን አይበልጥም። የጣሳው ቅርጽ ደግሞ በዘር ነው የሚወረሰው። ከሩዝ ባሕርያት ሁሉ የፍሬ ርዝመት ከወላጅ ወደ ልጅ በደንብ ከሚተላለፉት አንዱ ነው። ምርት በሄክታር በአየር፣ በመሬትና በእጅ ይወዛወዛል፤ ርዝመት ግን ብዙም አይወዛወዝም። ለነጋዴ ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ ሚሊ ሜትሩን በማዳበሪያም በማሽንም አታመጡትም። ዘሩ የተመረጠ ቀን አልቋል።

ሩዝ 12 ጥንድ ክሮሞዞም አለው። የፍሬ ቅርጽን የሚነኩ ጂኖች በርካታ ናቸው፣ ግን ከባዱን ሥራ የሚሠሩት ጥቂት ናቸው። እኔ ለገበያ ሰው ሦስት አራቱን ማወቅ ይበቃል ባይ ነኝ።

የመጀመሪያው ሦስተኛው ክሮሞዞም ላይ ያለው ጂኤስ3 ነው። በ2006 በቻይና ውሀን ከተማ የሁዋዦንግ ግብርና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው ለይተው ያወጡት፤ ረጅሙን «ሚንግሁይ 63» ከአጭሩ «ቹዋን 7» ጋር አዳቅለው። ይህ ጂን ሥራው ማስረዘም አይደለም፣ ማሳጠር ነው። እንደ መኪና ፍሬን አስቡት። ጂኑ ደህና ሲሆን ፍሬኑ ይይዛል፣ ቅርፊቱ በአጭሩ ይቆማል። በብዙዎቹ ረጅም ዝርያዎች ላይ ግን በጂኑ ውስጥ አንዲት የዲኤንኤ ፊደል ብቻ ተቀይራለች፤ ሲ የነበረችው ኤ ሆናለች። በዚህች ለውጥ የተነሳ መልእክቱ መሀል ላይ «እዚህ ቁም» የሚል ትእዛዝ ገባ። ሴሉ ፕሮቲኑን ጀምሮ ሳይጨርሰው ይቆማል፣ ፍሬኑ አይያዝም፣ ቅርፊቱ ይረዝማል። በዓለም ገበያ በቶን ስንት ዶላር ልዩነት የምንከፍልበት ርዝመት ትልቁ ድርሻው የተበላሸ ፍሬን ነው ማለት ነው። እኔ መጀመሪያ ይህን ሳነብ ሳቅኩ።

ሁለተኛው አምስተኛው ክሮሞዞም ላይ ነው፤ ጂደብሊው5 ይሉታል፣ አንዳንዱ ጽሑፍ ኪውኤስደብሊው5 ይለዋል። በ2008 የጃፓንና የቻይና ቡድኖች ለየብቻ አገኙት። ይኸኛው የወርድ ነው። በጃፖኒካ ወገን (የሱሺው ሩዝ ወገን ማለት ነው) እዚህ ቦታ ላይ 1,212 ፊደሎች ተቆርጠው ጠፍተዋል፤ ውጤቱ ሰፊ ፍሬ ነው። የድሮ ገበሬዎች ደልደል ያለውን ፍሬ ለዘር እየመረጡ ሲያስቀምጡ ሳያውቁት ይህን ጉድለት ነበር የሚያባዙት።

የሻንጋይ ተመራማሪዎች በ2007 ያገኙት ጂደብሊው2 የሚባል ሌላ የወርድ ጂንም አለ። አንዲት ፊደል ስትጎድል ፍሬው ይሰፋል፣ ክብደቱም ይጨምራል። በመጀመሪያ እይታ ለገበሬ የምሥራች ይመስላል፤ በኪሎ የሚሸጥ ሰው ከባድ ፍሬ ቢያገኝ ምን ከፋው? ችግሩ ወርድ ሲጨምር የፍሬው ሆድ ኖራ የመምሰል ዕድሉም አብሮ ይጨምራል። ያቺ ነጭ ነጠብጣብ ስታርቹ ጠጋ ጠጋ ብሎ ያልተሞላበት፣ አየር የያዘ ቦታ ነች። ፍሬው በሚሞላበት ወቅት ሙቀት ሲበዛ ደግሞ ትብሳለች። መፈልፈያ ውስጥ ሩዙ የሚሰበረው እዚያች ላይ ነው፣ ገዢም በዓይኑ አይቶ ዋጋ የሚቀንሰው በእሷ ነው።

ከዚያ የባስማቲ ነገር ይመጣል። በ2012 ይፋ የሆነ ጥናት ስምንተኛው ክሮሞዞም ላይ ያለ ጂደብሊው8 የተባለ ጂን የፍሬ ወርድንና ምርትን እንደሚጨምር አሳየ፤ በባስማቲ ላይ ግን ይህ ጂን ደክሟል። ለዚህ ነው ባስማቲ ቀጭንና ጥርት ያለ የሆነው። ተመልከቱ፣ ወርድ የሚሰጠው ጂን ምርትም ስለሚሰጥ ቀጭን ፍሬ የሚፈልግ ከምርቱ የተወሰነ ይለቃል። ባስማቲ በሄክታር ትንሽ የሚሰጠው በብዙ ምክንያት ነው፣ አንዱ ግን ይህ ነው። ጥናቱ ግን እዚህ አላቆመም። የርዝመቱን የጂኤስ3 ዓይነትና ተስማሚ የሆነውን የጂደብሊው8 ዓይነት መርጦ በማጣመር ጥራትንም ምርትንም አብሮ ማሻሻል እንደሚቻል አሳይቷል። ዛሬ የሩዝ ተመራማሪ ሲያዳቅል እንዲህ በየጂኑ ነው የሚያስበው፤ ችግኙ ገና ትንሽ እያለ ከቅጠሉ ቆርጦ ላብራቶሪ ይልክና የትኛው ረጅም እንደሚያፈራ ሳይሰበስብ ያውቃል።

የገበያውን ጎን ለማየት ህንድን እንውሰድ፤ አብዛኞቻችሁ ያን ጊዜ ዋጋ ስትከታተሉ ነበር። በመስከረም 2022 እ.ኤ.አ. ህንድ የስብርባሪ ሩዝ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከለከለች፣ በነጭ ሩዝም ላይ 20 በመቶ ቀረጥ ጣለች። በሐምሌ 2023 ባስማቲ ያልሆነውን ነጭ ሩዝ ጨርሶ ዘጋች። ባስማቲ ግን በሩ ክፍት ነበር፤ ነሐሴ ላይ በቶን ከ1,200 ዶላር በታች ውል አይመዘገብም ተባለ፣ ጥቅምት ላይ ወደ 950 ወረደ። ነጩ ሩዝ የተፈቀደው መስከረም 2024 መጨረሻ ላይ ነው። ከአንድ ዓመት በላይ አንዱ ሩዝ መርከብ ሲሳፈር ሌላው ወደብ ላይ ቀረ። የመለያ መስመሩ ዝርያ ነበር።

መስመሩ ራሱ ግን ከሰማይ የወረደ አይደለም። «ፑሳ 1121» የሚባለውን ዝርያ ውሰዱ። ኒው ዴልሂ ያለው የህንድ ግብርና ምርምር ተቋም ያወጣው ነው፤ በ2003 ተለቀቀ፣ ባስማቲ ተብሎ በሕግ የታወቀው ግን በ2008 ነው። የተፈተገው ፍሬ 8 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይደርሳል፣ ሲበስል ከእጥፍ በላይ ይረዝማል። ዛሬ የባሕረ ሰላጤ አገሮች ግብዣ ላይ የምታዩት ያ ጣት የሚያህል ሩዝ በአብዛኛው የእሱ ወገን ነው። ተመራማሪዎች መርጠው ያወጡት ሚሊ ሜትር የሕግ ትርጉም አስቀይሮ የዋጋ ደረጃ ሆነ።

አሁን ለዩኒየኖች በጣም የሚጠቅመው ክፍል ላይ ደርሰናል፣ እባካችሁ ቀስ ብላችሁ አንብቡ።

ቅርፊቱ የእናት ተክል አካል ነው ብለናል። ስለዚህ የጎረቤት ማሳ የአበባ ብናኝ ነፋስ አምጥቶ ቢያሳርፍባችሁ፣ የዘንድሮ ፍሬያችሁ ቅርጽ አይለወጥም። ጽንሱ ውስጥ የባዕድ ዘር ገብቷል፣ ጣሳው ግን የእናት ነው። ናሙና ወስዳችሁ ጠረጴዛ ላይ ብትዘረግፉት አንድ ዓይነት ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ ንጹሕ ነው ብላችሁ ለዘር ታስቀምጣላችሁ። ከዚያስ? አጭር የሚያደርገው የጂኤስ3 ዓይነት አውራ ነው፣ የሚያስረዝመው ድብቅ። ረጅም እናት ከአጭር ብናኝ ያገኘችው ልጅ ስትዘራ በርዝመት ወደ አጭሩ ያደላ ተክል ትሆናለች። የእሷ ልጆች ላይ ደግሞ ይበታተናል፦ በዚህ አንድ ጂን ብቻ ካየነው ከአራት አንዱ ንጹሕ ረጅም፣ አንዱ ንጹሕ አጭር፣ ሁለቱ ድብልቅ ይሆናሉ። ችግሩ የሚታየው ከተፈጠረ ከዓመታት በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ማን አመጣው ተብሎ መጣላት ነው።

ደግነቱ ሩዝ ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ሰብል ነው። በብናኝ የሚመጣ ቅይጥ በመደበኛ ሁኔታ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ጆንያችሁ ውስጥ አሥር በመቶ ሌላ ቅርጽ ካያችሁ በነፋስ አታመካኙ። እሱ የመጣው ከአውድማ፣ ካልተጠረገ መውቂያ ማሽን፣ ካልተራገፈ ጆንያ፣ አልያም ካለፈው ዓመት ረግፎ በራሱ ከበቀለ ሩዝ ነው። ይህን መለየት ዋጋ አለው፤ የመጥረጊያ ችግር በመጥረጊያ ይፈታል።

የድብቅነቱ ነገር አንድ ጥሩ ጎንም አለው። ማሳ ውስጥ ገብታችሁ ረጅም ፍሬ ያለውን ዛላ ብቻ ለዘር ብትለቅሙ፣ በዚያ ጂን በኩል ተክሉ ሁለቱንም ቅጂ ረጅም ይዟል ማለት ነው፤ ስለዚህ ልጆቹ ወደ አጭር አይመለሱም። በተቃራኒው አጭሩን የሚለቅም ሰው ውስጥ ውስጡን ረጅም የያዘ ሊያነሳ ይችላልና ልፋቱ ይበዛል። ገበሬዎቻችን በዛላ የመምረጥ ልማድ አላቸው፣ ይህን መንገር ብቻ ነው።

ቅይጥ ቅርጽ ለምን ይህን ያህል ያሳስባል? ምክንያቱም መፈልፈያ ማሽን ክፍተቱ የሚስተካከለው ለአንድ ውፍረት ነው። ለወፍራሙ ብታስተካክሉት ቀጭኑ ሳይፈለፈል ያልፋል። ለቀጭኑ ብታጠብቁት ወፍራሙ ይደቅቃል። ሁለቱንም ልታድኑ አትችሉም።

ወደ ስሌቱ እንሂድ። ዋጋዎቹ የገበያ ዋጋ አይደሉም፣ ለማሳያ ያስቀመጥኳቸው ነጥቦች ናቸው፤ በራሳችሁ ቁጥር ተኩት። ሙሉ ክብ ፍሬ በኩንታል 100፣ ሙሉ ረጅም 120፣ ስብርባሪ 60 ይሁን። ከሁለቱም 100 ኩንታል ከነቅርፊቱ ገባ፣ 66 ኩንታል ነጭ ሩዝ ወጣ። ክቡ 56 ሙሉ፣ 10 ስብርባሪ ሰጠ፦ 5,600 ሲደመር 600፣ ጠቅላላ 6,200። ረጅሙ ቀጭን ስለሆነ ይበልጥ ይሰበራል፤ 44 ሙሉ፣ 22 ስብርባሪ ሰጠ እንበል፦ 5,280 ሲደመር 1,320፣ ጠቅላላ 6,600። ረጅሙ በ400 ይበልጣል። ጥሩ።

ግን ማሽኑ አንድ ጊዜ አስገብቶ የሚያወጣ የብረት መፈልፈያ ነው፣ ወይም ሩዙ ደርቆ ካበቃ በኋላ አውድማ ላይ ዝናብ ነክቶት ውስጡን ሰነጣጥቆታል እንበል። ሙሉው ወደ 37 ኩንታል ቢወርድ 4,440 ሲደመር 1,740፣ ጠቅላላ 6,180። ትርፉ ጠፋ፣ ከክቡም በታች ሆነ። ሌላው ደግሞ፦ ማሽኑ ጥሩ ሆኖ 44 ኩንታል ሙሉ ቢያወጣም፣ ረጅሙ ዝርያ በሄክታር 10 በመቶ ያነሰ ከሰጠ 6,600 ወደ 5,940 ይወርዳል። የገበሬው ገቢ ቀነሰ ማለት ነው፣ ገዢው «20 በመቶ ጨመርኩላችሁ» እያለ። የ20 በመቶ ጭማሪ በወረቀት ላይ ሲታይ ብዙ ነው፤ ከማሽንና ከማሳ ከተረፈ በኋላ ምን ያህል እንደሚቀር ነው ጥያቄው።

አንድ ሌላ ስህተት ገበያ ላይ ደጋግሜ እሰማለሁ፦ «ረጅም ከሆነ አይጣበቅም»። እንዲህ የሚባል ሕግ የለም። መጣበቅን በዋናነት የሚወስነው አሚሎስ የሚባለው የስታርች ዓይነት መጠን ነው፣ የእሱ ጂን ስድስተኛው ክሮሞዞም ላይ ነው፤ ከቅርጽ ጂኖቹ ጋር አይገናኝም። ማስረጃው ታይላንድ ነው። «አርዲ6» የሚባለው ዝርያ ከታዋቂው ጃስሚን (ካኦ ዳውክ ማሊ 105) በጨረር ተቀይሮ የተገኘ ነው፣ በ1977 ተለቀቀ። እንደ ወላጁ ረጅምና ቀጭን ነው፤ ሲበስል ግን በእጅ ጠቅልለው የሚበሉት ሙጫ ሩዝ ነው። ቅርጹ አልተነካም፣ ስታርቹ ተቀየረ፣ ገበያውም ሌላ ሆነ። የአሜሪካ ረጅም ሩዞችም በዘር ሐረግ ከጃፖኒካ ወገን ናቸው፣ ከህንዱ ሩዝ ወገን አይደሉም። በዓይን አይቶ ማብሰልን መፍረድ አይቻልም፣ ድስት ላይ ጥዶ መቅመስ ነው።

እንግዲህ ወደ ጠያቂዬ ልምጣ። የፎገራ ሜዳን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ሩዝ እዚያ የገባው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው፤ በሰፊው የተያዘው «ኤክስ-ጅግና» መነሻው ሰሜን ኮሪያ ነው። ፍሬው አጠር ደልደል ያለ ነው። ከጤፍ ዱቄት ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ይሆናል፣ ነጭነቱም ይወደዳል። ለዱቄት የሚሄድ ሩዝ ላይ ርዝመት ምን ያደርጋል? ወፍጮ ሚሊ ሜትር አይለካም። እዚህ ገበያ ውስጥ ያለ ገበሬ ረጅም ዘርቶ ስብርባሪ ቢያበዛ የሚያተርፈው ነገር የለም፤ ምርት ከቀነሰበትማ ኪሳራ ነው። ሆቴልና ሱፐርማርኬት ግን ከህንድና ከፓኪስታን የሚገባውን እያየ ነው የሚያወዳድረው፤ እሱ ሳህን ላይ ተለያይቶ የሚቆም ረጅም ይፈልጋል፣ ይከፍልበታልም። ሁለት ገበያ ነው። ሁለቱን በአንድ ዘር ላገለግል የሚል ዩኒየን አንዱን ያጣል።

ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ ከፍታው ነው። ወረታና አካባቢው ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። ከሞቃት ቆላ አገር የመጣ ረጅም ዝርያ ዛላው በሚፈጠርበት ወቅት ብርድ ካገኘው የአበባው ብናኝ ይመክናል፣ ቅርፊቱ ባዶ ይቀራል። ያምር የነበረ ማሳ፣ ረጅም ረጅም ባዶ ጣሳ። ጥፋቱ የርዝመቱ ጂን አይደለም፤ አብሮት የመጣው የቀረው ዘር ነው። ለዚህ ነው ዘላቂው መንገድ የርዝመቱን ጂን ብርዱን ወደሚችለው ዝርያ ማስገባት የሚሆነው፤ በተደጋጋሚ ወደ አገሬው ወላጅ እየመለሱ በማዳቀልና በቅጠል ምርመራ እየለዩ። ግን እዚህም ላይ ተጠንቀቁ፦ ኤክስ-ጅግናን በመሰለ ሰፊ ፍሬ ላይ ርዝመት ብቻ ብትጨምሩ የምታገኙት ረጅምና ወፍራም ነው። 7 ሚሊ ሜትር ርዝመት በ3 ሚሊ ሜትር ወርድ ሲካፈል 2.3 ነው። በርዝመቱ ረጅም ይባላል፣ በእጥፉ መካከለኛ ነው፣ ሆቴሉ አይወስደውም። ርዝመትም ቅጥነትም አብረው መግባት አለባቸው፤ ስለዚህ ከተመራማሪ ጋር ስትነጋገሩ «ረጅም» አትበሉ፣ ርዝመቱን፣ ወርዱንና ሲበስል መሆን ያለበትን ንገሩት። ወረታ ላይ ያለው የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ለእናንተ ቅርብ ነው፤ ጥያቄው ከገበያ በኩል በሚሊ ሜትር ተጽፎ ቢሄድ ሥራውም ይቀላል።

ለጠያቂዬ የዘንድሮ ምክሬ ይህ ነው፦ ለአባሎች በሙሉ አታከፋፍሉ። መጀመሪያ ከሆቴሎቹ የሚፈልጉትን ሩዝ አንድ ኪሎ ግዙና ለኩ። ከዚያ አገር ውስጥ ተለቀው ለአካባቢያችሁ ከተፈቀዱት ዝርያዎች ውስጥ ወደዚያ የሚቀርበውን በጥቂት ገበሬዎች ማሳ ላይ፣ ለብቻ አውድማ፣ ለብቻ ጆንያ አድርጋችሁ ሞክሩ። ምርቱን በጎማ ሮለር መፈልፈያ አስፈልፍሉና ሙሉውንና ስብርባሪውን ለየብቻ መዝኑ። ከላይ ያለው ስሌት ውስጥ የራሳችሁን ቁጥር አስገቡ። ቁጥሩ ካላወጣ ክቡን ይዛችሁ ዱቄት ገበያው ላይ ዋጋ ተደራደሩ፤ እሱም ገበያ ነው፣ ማንም አያሳፍርበትም።

መለኪያ መሣሪያ የለንም ለምትሉ፦ ያልተሰበሩ 10 ፍሬዎች ምረጡ። በተማሪ ማስመሪያ ጠርዝ ላይ ጫፍ ለጫፍ ደርድሩና ጠቅላላውን ለ10 አካፍሉ፤ ርዝመቱ ነው። ከዚያ እነዚያኑ ጎን ለጎን አስጠግታችሁ በወርዳቸው ደርድሩ፣ ለ10 አካፍሉ። ርዝመቱን ለወርዱ አካፍሉት። ከተለያየ ጆንያ ወስዳችሁ ሦስት ጊዜ ድገሙት፣ ሦስቱ ውጤቶች በጣም ከተራራቁ ዘራችሁ ተቀይጧል። የዝርያውን ስም፣ ወረዳውንና ሁለቱን ቁጥሮች ጻፉልኝ፤ የደረሰኝን በሰንጠረዥ አድርጌ በሚቀጥለው ትምህርት እለጥፋለሁ። ሰኞ ወደ ቡናና ሰሊጥ ዋጋ እንመለሳለን።